ለመመረቂያ የጎደለው

ደሳለኝ ከመርሳ እስከ ሲሪንቃ፣ ከሲሪንቃ እስከ ወልድያ ጢም ያበቀለ ወንድ ሁሉ ደጃፍ እየቆመ ሲጠይቅ ከረመ፤ ያሳደገችውን አክስቱን ወርቅዬን ግን አንዲት ቃል አልጠየቃትም። ወርቅዬን ያንገበገባት ይኼ ነበር። ልጁ የመጣው የሀብሩ ሰው ደም የሚያደርቅበትን፣ ገዳይና የሟች ቤት የሚታረቁበትን ወግ ሊያጠና ነው። ደም በገባባቸው ሁለት ቤቶች መካከል ደግሞ ወንድ አይመላለስም፤ ይገደላል። የሚመላለሰው መውለድ ያቆመች፣ ምላሷ የሚፈራ ሴት ናት። ወርቅዬ ምላሷ ከተፈራ ቆይቷል፤ መውለዱንም አልጀመረችውም።

«እኔ እዚህ ቤት ጎታ ነኝ?» አለችው አንድ ቀን፣ ብርቱካኗን በቅርጫት እየደረደረች።

«ምን ሆንሽ ደግሞ እማ?»

«አገሩን ሁሉ ስትጠይቅ እኔን ዘለልከኝ። አያ ይርጋን ጠየቅህ። የእህል በረንዳውን ዘበኛ ጠየቅህ። ያንን ጥርስ የሌለውን ደወል ደዋይ እንኳ ጠየቅህ፤ እሱ ከዶሮ ደም ሌላ ምን ደም ያውቅና!»

ደሳለኝ ሳቀ። «ይኼኮ ጥናት ነው እማ፤ ተረት አይደለም። ሥርዓቱን የሚመሩት ሽማግሌዎቹ ናቸው። አንቺ መልእክት ነው የምታደርሺው።»

መልእክት! ወርቅዬ ምራቋን ዋጠች፤ እንደ ኮሶ መረራት። ስንት ጥይት የጎረሰ ጠመንጃ በምላሷ ያስተፋች ሴት፣ ፖስታ ቤት ሆና አረፈችው።

ልጁ ግን ጨንቆት ነበር፤ ያስታውቅበታል። የሚያጠናው ፖለቲካል ሳይንስ የሚሉትን ነው፤ ወርቅዬ ለገበያተኛው «የመንግሥት ትምህርት ነው» ብላ ነው የምታስረዳው። ለዲግሪው የሚያስፈልገውን ሁሉ እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሉ ይወጣዋል፦ ፍልስፍናው፣ ፖለቲካል ኢኮኖሚው፣ የሠራተኛው መደብ የትግል ታሪክ፣ ዓለም አቀፍ ሕጉ፣ አንዴ ወድቆ የደገመው ስታቲስቲክስ። ሁሉን አልፏል። የቀረው የመመረቂያ ጽሑፍ ነው፤ እሱ ከሌለ ያለፈው ሁሉ ገለባ ነው። የመጀመሪያውን ረቂቅ አማካሪው መምህር «ይኼ ወሬ ነው፤ አንተ ራስህ ተቀምጠህ ያየኸው የት አለ?» ብሎ መልሶበታል። በዚያ ላይ ገጠር ወጥቶ ያጠና ተማሪ፣ ሥራው ላይ የአካባቢው ጽሕፈት ቤት ማኅተም ካላረፈ ትምህርት ክፍሉ አይቀበለውም።

«በዚህ ዓመት ካልጨረስኩ ከዩኒቨርሲቲው እባረራለሁ» አላት። «ከተባረርኩ ደግሞ እንደ ጎረምሳው ሁሉ አፍሰው ጦር ሜዳ ነው የሚሰዱኝ።»

ወርቅዬ ይህን ስትሰማ ቂሟን አልረሳችም፤ ቂም የምትረሳ ሴት አይደለችም። ሻሿን ግን ጠበቅ አደረገች።

«የጎደለህ ዕርቅ በዓይንህ ማየት ነው?»

«እሱ ነው።»

«እሱን መልእክተኛዋ ታሳይሃለች።»

በዚያ ወቅት መርሳ ላይ ያልደረቀ ደም ነበር። የአያ ይርጋ ልጅ ፈንታው በመስኖ ውሃ ተራ ተጣልቶ የማሳ ጎረቤታቸውን የሞላን ታናሽ ወንድም በዶማ መትቶ ገድሎታል። ሁለቱም ቤቶች ለገበሬ ማኅበሩ ፍርድ ሸንጎ «ደራሽ ውሃ ወሰደው» ብለው ሸሸጉ። ደም የቤት ነው፤ ለመንግሥት አይሰጥም። ፈንታው ወደ አፋር ቆላ ወረደ፤ ሞላ ጠመንጃውን ወልውሎ ተቀመጠ። ወርቅዬ በሁለቱ መካከል እየተመላለሰች፣ አንዱ ቤት ስትሰደብ ሌላው ቤት ስትሳደብ ኖራ፣ በመጨረሻ ሞላን «ይምጣ፤ አልነካውም» አሰኘችው።

የዕርቁ አባት፣ አበጋር የሚሏቸው ሽማግሌ፣ ቀን ቆረጡ። ወርቅዬ ሽማግሌዎቹ በተሰበሰቡበት ገብታ ሳትቀመጥ ተናገረች።

«ልጄ ደሳለኝ ከእናንተ ጋር ይቀመጣል።»

«የዩኒቨርሲቲው?» አሉ አበጋሩ። «የለም እትዬ ወርቅዬ። የመንግሥት ጆሮ እዚህ አይገባም።»

«የመንግሥት ጆሮ አይደለም፤ የእህቴ ልጅ ነው። እናቱ አራስ ቤት ስትሞት አንጀቴን አብልቼ ያሳደግኩት ልጅ ነው። ወጉን ይጽፋል እንጂ የማንንም ስም አያወጣም፤ ዋሱ እኔ ነኝ። እሱ ካፈረሰ ወርቅዬ አፈረሰች በሉ።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። የወርቅዬ ዋስትና ታጥፎ አያውቅም፤ በሀብሩ ውስጥ በሬ የሚሸጥ ሰው እንኳ «እንደ ወርቅዬ ቃል ይሁንልኝ» ብሎ ነው የሚምለው። ያላት ሀብት ይኼው ነው፤ ልጅ የላት፣ ባል የላት፣ ቃሏ ብቻ።

አያ ይርጋ ልጁን ፈንታውን ሊያይ ቸኩሏል። የወርቅዬ አብሮ አደግም ነው። «ግዴለም፣ ይግባ» አለ እየሳቀ። «የተማረ ይግደለኝ ይባል የለ?»

ሁሉም ሳቁ። በር ላይ የቆመው ደሳለኝም ሳቀ።

ዕርቁ የተደረገው ከመርሳ በላይ ባለ ጉብታ ላይ ነው። ፈንታው ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ፣ አንገቱን ሰብሮ መጣ። ቆላው ቆዳውን አክስሎት እናቱ አማከለች እንኳ ቶሎ አልለየችውም። ሞላ ፊቱን አዙሮ ቆመ። ወርቅዬ ክንዱን ቆነጠጠችው።

«ዙር! የሞተው ወንድምህ ነው እንጂ አንገትህ አይደለም።»

ዞረ። ድንጋዩን ከፈንታው ማጅራት አወረደ። በግ ታረደ። ደም የተቃቡ ሰዎች እስኪታረቁ ድረስ አብረው እህል አይቀምሱም፣ አብረው ውሃ አይጠጡም፤ ስለዚህ አንድ ቅል ውሃ መጣና ሁለቱ ተራ በተራ ጠጡበት። አማከለች መሬት ላይ ተደፍታ የሞላን እግር ሳመች። ደሳለኝ ሁሉን ያያል፤ ዓይኑ ሥጋ እንዳየ ጭልፊት ነው።

አበጋሩ ተነሥተው እጃቸውን ዘረጉ። «እዚህ የተነገረ እዚህ ይቀበር። ይህን አውጥቶ ለሌላ የሰጠ፣ ደሙ ከፈንታው ወርዶ በእሱ ላይ ይረፍ። እህል የሚጋራው አይገኝ፤ እሳት የሚያውሰው አይገኝ። ዋስ ያለው እንደሆነ ዋሱም እንደዚያው።»

«አሜን!» አለ ሰዉ።

ደሳለኝ ከሁሉ ድምፁን ከፍ አድርጎ «አሜን!» አለ። ወርቅዬ ኮራች፤ አጠገቧ የቆመችውን የገበያ ጎረቤቷን ሀፍሳን በክርኗ ነካ አደረገቻት።

«አየሽው ልጄን?»

«አየሁት» አለች ሀፍሳ። «አሜኑ በዛ።»

«ምቀኛ!»

ደሳለኝ ሲጽፍ ሰነበተ። ጨርሶ ጽሕፈት ቤት ሄደ፤ ካድሬው ዘውዱ ማኅተሙን መታለት። በማግስቱ ማለዳ በአውቶቡስ ወደ አዲስ አበባ ተሳፈረ። ወርቅዬ የቋጠረችለትን በሶ ተቀበለ እንጂ ዓይኗን አላየም። የትምህርት ሐሳብ ነው ብላ ተወችው።

በገበያ ቀን ታጣቂዎች መጡ። ፈንታው ከእናቱ ጎን ቆሞ ጤፍ ያሰፍር ነበር። «ምን አደረግኩ?» ሲል አንደኛው አፉን በሰደፍ መታው። ጥርሱ ጤፉ ላይ ወደቀ። አማከለች ጤፉን ትሰብስብ ልጇን ትከተል ግራ ገብቷት እዚያው ስትዞር፣ መኪናው ፈንታውን ጭኖ የወልድያን መንገድ ያዘ።

መርሳ ጠላቱን ለማግኘት አልተቸገረም። ከሞላ ሌላ ማን ሊሆን! ወርቅዬ ማንንም አልጠየቀችም፤ ነጠላዋን መሬት ለመሬት እየጎተተች የሞላ ደጅ ሄዳ ቆመች።

«አንተ ከውሻ የተወለድክ! ከአንድ ቅል ጠጥተህ ስታበቃ ለጅብ ሰጠኸው? ውሃው ሆድህ ውስጥ እባብ ይሁንብህ! ቤትህ ይዘጋ! ያቺም ሚስትህ የያዘችውን አትታቀፈው!»

የሞላ ሚስት እርጉዝ ነበረች፤ ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ጓዳ ሸሸች።

«እትዬ ወርቅዬ» አለ ሞላ፣ ፊቱ አመድ መስሎ፣ «እኔ አይደለሁም። የወንድሜን ደም የተውኩት ለእርስዎ ብዬ ነው። እንዴት መልሼ እሸጠዋለሁ?»

«ለእኔ ብለህማ ብትሆን ዛሬ ፈንታው ጤፉን ሸጦ በገባ!» ብላ ደጃፉ ላይ ተፋች። ጎረቤት ሁሉ አየ። እንዲያይም ነበር የፈለገችው።

ከዚያ ሳይቆይ ዘውዱ መጣ። ወርቅዬ አውቶቡስ በሚቆምበት መንገድ ዳር ከሀፍሳ ጎን ተቀምጣ ነበር። ካድሬው በቦት ጫማው ጫፍ ቅርጫቷን ነካ አድርጎ ጎንበስ አለና አንድ ብርቱካን አነሣ።

«እማማ፣ ልጅዎ እኮ አኮራን።»

«ምን አድርጎ?»

«ጽሑፉን አመጣልኝ። ጥሩ ጽፏል፤ ነገር ግን የገዳዩንም የሟቹንም ስም ደብቋል። ‹ሰዎቹ እነማን እንደሆኑ ካልነገርከኝ ጥናቱ እውነት መሆኑን በምን አረጋግጬ ማኅተም እመታለሁ?› አልኩት።» ዘውዱ ብርቱካኑን በጥፍሩ መላጥ ጀመረ። «ትንሽ አንገራገረ። ላብም አላበው። በኋላ ግን ነገረኝ። የፊውዳሉ ሸንጎ እዚሁ አፍንጫችን ሥር ደም ሲሸፍን እኛ አናውቅም ነበር። ትልቅ ውለታ ነው የዋለልን።»

ወርቅዬ ቅርጫቱን ከቦት ጫማው አርቃ ወደ ራሷ ሳበችው።

«ሒሳቤ ስንት ነው?»

«ላንተ አልሸጥም» አለች ወርቅዬ።

«እንግዲያስ በነፃ!» ብሎ ስቆ፣ አንድ ግማሽ አፉ ውስጥ ጨምሮ ሄደ።

ሀፍሳ ዓይኗን መንገዱ ላይ ተከለች። ከዚያ ዘወር ሳትል ተናገረች። «ወርቅዬ፣ አላህ ያውቃል እወድሻለሁ። ሞላ ደጅ የተፋሽውን ምራቅ ሄደሽ ላሺው።»

ሄደች። አንኳኳች። «ሞላ፣ እኔ ነኝ» አለች። ከውስጥ የሰው ትንፋሽ ይሰማል። «ሞላ ልጄ፣ ክፈትልኝ፣ ተሳስቼ ነው።» በሩ አልተከፈተም። «ይሂዱ እትዬ» አለ ሞላ ከውስጥ። «ሚስቴ ድምፅዎን ስትሰማ ትንቀጠቀጣለች።»

አማከለች ስንቅ ቋጥራ ወልድያ ወህኒ ትመላለስ ጀመር። አንድ ቀን ዘበኛው አገልግሉን ሳይከፍት መለሰላት። «ከዛሬ ጀምሮ ስንቅ አታምጪ» አላት። ያን ዘመን የኖረ ሰው ይህች ቃል ምን ማለት እንደሆነች ያውቃል። ሬሳው የት አለ ተብሎ አይጠየቅም፤ ድንኳን አይተከልም፤ ከል አይለበስም፤ እዬዬ ያለች እናት እሷም ትታሰራለች። አማከለች አገልግሏን በጀርባዋ አዝላ ከወልድያ እስከ መርሳ በእግሯ መጣች። መንገድ ላይ ያገኛት ሰው ልጅ ያዘለች መስሎት «እግዜር ያሳድግልሽ» አላት ይባላል።

የወርቅዬን ብርቱካን ከዚያ ወዲያ የሚገዛት ጠፋ። የአውቶቡስ መንገደኛ ሊገዛ ሲቀርብ እንኳ ሌሎቹ ሻጮች በዓይናቸው ይመልሱታል። ፍም ልትጫር የሄደችበት ቤት «ጠፍቶብናል» ይሏታል፤ ጭሱ ከጣሪያው ላይ እየወጣ። ሀፍሳ ሰላም ትላታለች፤ ከእጇ ግን ውሃ አትቀምስም። የፈረደባት የለም። ዋስ ነበረች፤ አለቀ። ወርቅዬም አልለመነችም። ብርቱካኑ ቅርጫቱ ውስጥ ሻግቶ አረንጓዴ ሲሆን እያየች ተቀመጠች።

ክረምቱ ሲገባ አንድ የጭነት መኪና ሹፌር መልእክት አመጣ። ደሳለኝ በማዕረግ ተመርቋል። አዲስ አበባ፣ ትልቅ መሥሪያ ቤት ተመድቧል። ሥራ ከመጀመሩ በፊት ሊስማት ይመጣል።

«ታስገቢዋለሽ?» አለች ሀፍሳ።

«አስገባዋለሁ። እደግስለታለሁ።»

«አብደሻል? ማን ሊበላልሽ?»

«ማንም። አንቺ ዙሪልኝና ለሁሉም ንገሪ። ይምጡ፣ ይቀመጡ፣ እጃቸውን ግን አይታጠቡ።»

የቀረቻትን ጊደር አሳረደች። ሌላው ሁሉ ስለ ሸሻት ሥራውን ብቻዋን ሠራችው፤ ጭሱም ቃጠሎውም የእሷ። ዳሱን ራሷ ጣለች፤ በግድግዳው ላይ ልጁ በሹፌሩ የላከውን፣ የምርቃት ጥቁር ካባ ለብሶ የተነሣውን ፎቶግራፍ ሰቀለች።

ደሳለኝ ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ክራባት አስሮ፣ ሮማን የምትባል አብራው የተመረቀች የከተማ ልጅ አስከትሎ ከአውቶቡስ ወረደ። ወርቅዬ እልልታውን አቀለጠችው። ብቻዋን ነው እልል ያለችው፤ ልጁ አላስተዋለም። ዳሱ ጢም ብሎ ሞልቶ ሲያይ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ይቅር ብለውኛል ብሎ ሳይሆን አይቀርም።

ማዕዱ ቀረበ። ወርቅዬ ራሷ ማስታጠቢያውን ይዛ ከአበጋሩ ጀመረች። አበጋሩ እጃቸውን ከጋቢያቸው ውስጥ አላወጡም። ወደ ቀጣዩ ሄደች፤ አልዘረጋም። ወደ ቀጣዩ። ዳሱን ሙሉ ዞረች፤ አንድ ጠብታ ውሃ ሳይፈስ ማስታጠቢያው እንደሞላ ተመለሰ። ሞላ እንኳ መጥቶ ጥግ ላይ ተቀምጧል፤ ከረገመችው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኗን አይቶ ራሱን ነቀነቀላት።

«ብሉ እንጂ!» አለ ደሳለኝ። «ምነው? ብሉ!»

ወጡ እየረጋ ሄደ። ሮማን አፍራ እጇን ወደ ትሪው ስትዘረጋ ሀፍሳ አንጓዋን ያዘቻት። «ተይ የእኔ ልጅ። ይኼ የእንግዳ ማዕድ አይደለም።»

የደሳለኝ ፊት ቀስ እያለ ገረጣ። የተማረ ነው፤ ገባው። ገጽ በገጽ የጻፈው ወግ ነበር።

«እማ፣ ሰው ፊት እንዲህ አታድርጊኝ።»

ወርቅዬ ማስታጠቢያውን አስቀመጠች። «ለሰዉ ንገረው እስቲ። ይህን ዲግሪ ለማግኘት ምን ምን ያስፈልጋል?»

«ኮርሶቹን ማለፍ…»

«እሺ።»

«የመመረቂያ ጽሑፍ።»

«እሺ።»

«መምህራን ፊት ቆሞ ለሚጠይቁት መመለስ።»

«ጠየቁህ?»

«ጠየቁኝ።»

«ፈንታው መጨረሻው ምን ሆነ ብለው ጠየቁህ?»

ደሳለኝ ክራባቱን ነካካ። «አልጠየቁኝም። ጽሑፉ… ታረቁ ብሎ ነው የሚያልቀው።»

ከዳሱ ጥግ አንድ ሰው ሳቀ፤ የነውር ሳቅ ነበር። ደሳለኝ ብድግ አለ።

«ፈንታው ሰው ገድሏል! የሞላስ ወንድም እናት አልነበረውም? ሕግ ፊት ቢቀርብ ምን ነውር አለው? እንደሚገድሉት እኔ በምን አውቃለሁ? ማኅተሙ ባይመታልኝ ጦር ሜዳ ነበር የምገባው፤ ያኔ የምታለቅሺው አንቺ ነበርሽ እማ!»

«አለቅስ ነበር» አለች ወርቅዬ። «ደጄ ላይ ተቀምጬ፣ ደረቴን እየደቃሁ፣ አገሩ ሁሉ እያገዘኝ አለቅስ ነበር። አማከለች ልጇን ማልቀስ እንኳ ተከልክላለች። ሕግ አልክ? ለሕግ ብለህ ብትናገር ኖሮ ዕርቁ ላይ ሳትምል በፊት ትናገር ነበር። አንተ ለማኅተም ነው የተናገርከው። አያ ይርጋ! ግባ!»

አያ ይርጋ ከዳሱ ውጪ፣ ከሚስቱ ከአማከለች ጋር ዝናብ ውስጥ ቆሞ ነበር። ሲገባ አሮጌ ሆኗል፤ ያ ሳቂታ ሰውዬ የለም።

«አልፈልገውም ወርቅዬ» አለ። «ፊቱን ማየት አልፈልግም። ልሂድ።»

«የምትፈልገውን አልጠየቅኩህም። መሬትህ ክረምት ገብቶ ጦም አድሯል። ሚስትህ እንጨት ተሸክማ መውጣት አቅቷታል። ደሙ በማን ላይ እንዳረፈ ሁላችን ሰምተናል፤ አሜን ሲልም ሰምተናል።»

«እማ» አለ ደሳለኝ፤ ድምፁ የልጅ ሆነ። «ሰኞ ሥራ እገባለሁ። ደመወዝ አለኝ። ለእነሱ እቆርጥላቸዋለሁ፣ በየወሩ እልካለሁ፣ እምላለሁ…»

«አንተ አትማል!»

አማከለች በሩ ላይ ቆማ ደሳለኝን ከእግር እስከ ራሱ ታየዋለች። ትከሻውን ታየዋለች። ቁመቱን ትለካዋለች። ሮማን መነሣቱንም መቀመጡንም ፈርታ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋለች።

ወርቅዬ ወደ ደሳለኝ ተጠጋች። ያሳደገችውን ልጅ አንገት በሁለት እጇ ያዘች፤ የምታቅፈው መስሎት ጎንበስ አለላት። ክራባቱን ፈትታ ትሪው ውስጥ፣ የረጋው ወጥ ላይ ጣለችው።

«ጫማህን አውልቅ። ምድብህን የሚፈልግ ይውሰደው። ከዛሬ ጀምሮ የእነዚህን ሰዎች መሬት የምታርስ አንተ ነህ። እንጨታቸውን የምትለቅም፣ ውሃቸውን የምትቀዳ፣ ሲያረጁ የምትጦር፣ ሲሞቱ የምትቀብር አንተ ነህ። እነሱ እስኪያጎርሱህ ድረስ ከማንም ቤት አትቀምስም፤ ከእኔም ቤት። አማከለች ‹ፈንታው!› ብላ ስትጣራ ‹አቤት› ትላለህ። ተነሥ፣ ከፊታቸው ቅደም!»